እናቴ ያላመነችው ባሕር

ባሕርን መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ጨርቅ ላይ ነው። እሠራበት በነበረው ፎቶ ቤት አንዱን ግድግዳ ሙሉ የሸፈነ መጋረጃ ነበር። ሰማያዊ ውኃ፣ አንድ ባለ ሸራ ጀልባ፣ በስተቀኝ ደግሞ ጫፏ ላይ ብቻ ቅጠል ያላት ቀጭን ዛፍ ተሥሎበታል። ለገበያ የወጣ ገበሬ፣ አዲስ ሙሽሮች፣ ወታደር ቤት የተቀጠረ ወጣት፣ ሁሉም እዚያ ባሕር ፊት ቆሞ ነበር የሚነሣው። ከእነሱ መካከል እውነተኛውን ባሕር ያየ መኖሩን እጠራጠራለሁ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ራሳቸው አላዩትም።

እኔ እዚያ የገባሁት ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። አባቴ አንኮበር ቄስ ነበር። የፎቶ ቤቱ ባለቤት የአክስቱ ልጅ ስለሆኑ አባባ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ሥራዬ ፎቶ ማጠብ፣ ሽቦ ላይ ማስጣትና ጠርዙን በመቀስ ማስተካከል ነበር። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ጨለማ ክፍል ተስማምቶኛል። ደንበኛ ከመጣና አባባ ከሌሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ነበር የምመልሰው። አባባ ይህን ሲሰሙ "ዛሬም መጋረጃው ተናገረ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ታላቅ እህቴም እዚያው መጋረጃ ፊት ተነሥታለች። ከማግባቷ በፊት፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ እግሮቿን ገጥማ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ያ ፎቶ አንኮበር ባለው ቤታችን ከሥላሴ ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ነበር። ከዚያ በኋላ እህቴ የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ባሏ ከአሰብ ወደብ ዕቃ እየጫነ ወደ አዲስ አበባ ይመላለስ ስለነበር አሰብ ቤት ተከራይቶ ይዟት ወረደ።

እናቴ ነገሩን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። ቤታችን ያለው አፋፍ ላይ ነው፤ ጉም የሌለ ቀን ከደጃፋችን ቁልቁል ቆላው ሁሉ እንደ አመድ ተነጥፎ ይታያል። እናቴ ከብት ከገባ በኋላ እዚያ ተቀምጣ ወደ ታች መመልከት ልማዷ ሆነ። አንኮበር ያደገ ሰው ቆላን የሚያውቀው በንዳድ ነው። ወደዚያ የወረደ ወይ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል፣ ወይ አይመለስም ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው።

የእህቴን ማርገዝ የሰማን ጊዜ እናቴ ደስታዋንና ዝግጅቷን ባንድ ቀን ጀመረች። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ለገንፎው ገብስ ተፈጨ፣ ቅቤ ተነጠረ፣ መደቡ እንደገና ተለቀለቀ። የእህቴ ባል ግን ብቻውን መጣ። ያን ቀን ለበዓል ከደብረ ብርሃን መጥቼ እዚያው ነበርኩ።

"እሷስ?" አለችው እናቴ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

"እማማ፣ መንገዱ ከባድ ነው። እዚያ ያለችው አዋላጅ መኪና ላይ እንዳትወጣ ብላታለች።"

"ሲወስዳት ያልከበደ መንገድ ሲመልሳት ነው የሚከብደው?"

ሰውዬው ተሳቢ ያለው መኪና በገደል ላይ የሚያዞር ግዙፍ ሰው ነበር። እናቴ ፊት ግን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ምክንያቱን አልነገራትም። ውጭ ስሸኘው ለእኔ ነገረኝ። እህቴ ደም ታይቷት ነበር። አዋላጇ፣ ያን መንገድ በመኪና ከተንገላታች ልጁ አይተርፍም ብላለች።

"ለእማማ እንዳትነግሪ" አለኝ። "ከሰሙ ራሳቸው ይወርዳሉ።"

እውነቱን ነው። እናቴ ደረቷን ታማለች፤ ጎረቤላ ገበያ ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ እየተቀመጠች ነው። ግን ከመውረድ የሚያግዳት አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ፍርዷን ሰጠች። "ይቺ ልጅ ሄዳ ትያት" አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። "ከራሷ እስከ እግሯ ቆማ ፎቶ አንሥታ ታምጣልኝ። ወሬን ሰው ያሳምረዋል፤ መልክ ግን አይዋሽም። ደህና መሆኗን ካየሁ እዚያው ትውለድ። ደህና ካልሆነች በዚያችው መኪና ትመጣለች። እምቢ ካልክ ሽማግሌ ልኬ አስወስዳታለሁ።"

እኔ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም። ማጠብና ማንሣት ለየቅል ናቸው። እንደዚያ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ሲያዩኝ መልሼ ዘጋሁት። የእህቴ ልጅ ነገር በዚህ ዓይነት እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

አባባ አሮጌዋን የሳጥን ካሜራ አዋሱኝ። በወገብ ከፍታ ተይዛ፣ አንገት ደፍተው ከላይ ባለችው ትንሽ መስተዋት ውስጥ የሚያዩባት ነበረች። "ይቺስ ላንቺ የተሠራች ናት" አሉ። "ሰው ዓይን ሳታዪ ሰው ታነሺያለሽ።" ከዚያ ምክራቸውን ሰጡኝ። ፀሐይን ከጀርባሽ አድርጊ። ሙቀት ፊልም ያበላሻልና ጥላ አትለያት። እግሯን እንዳትቆርጪ፤ እግር የሌለው ፎቶ ካየች እናትሽ እግሯን ምን አገኘው ትላለች። ቀጥ ብላ ትቁም፤ እጇን ወገቧ ላይ ታድርግ።

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ካሜራዋን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤያት ነበር። ባቲን ካለፍን በኋላ የመኪናው ወለል እግር ያቃጥል ጀመር። ጋቢውን በውኃ እያራስኩ ስጠቀልላት የእህቴ ባል በጎን ያየኛል።

"እሷ ጠጣች፣ እኛስ?" አለኝ።

ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። በሐሳቤ ፊልሙ እንደ ሰም ቀልጦ ይታየኝ ነበር።

አሰብ ስንደርስ ከዓይኔ በፊት ጆሮዬ ነው ባሕሩን ያገኘው። የእኛ መጋረጃ ድምፅ አልነበረውም። ይኸኛው ግን እንደ ተኛ ትልቅ እንስሳ ይተነፍሳል። ሽታም አለው፤ ጨው፣ ዓሣና የሞቀ ድንጋይ። ከመኪናው ወርጄ መሬቱ የሚያልቅበትን ሳይ የመኪናውን በር ያዝኩ። አፋፍ ላይ ያደገ ሰው ከፊቱ ባዶ ነገር ማየት አዲሱ አይደለም። ባዶው ወደ እሱ እየመጣ ሲመለስ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሆዷ ገፍቷል። ፊቷ ግን ጉንጩ ጠፍቶ፣ ቆዳዋም በፀሐይ ጠቁሮ ነበር። አንገቷን አቅፌ እያለሁ እናቴ ይህን ፊት ስታይ የምትለው ነገር በጆሮዬ ተሰማኝ።

"ምነው አየሽኝ እንዲህ?" አለች እህቴ። "ጉንጬን የበላው ይኼ ውስጥ ያለው ነው። ሲወጣ ይመልስልኛል።"

አዋላጇ የግድግዳ ጎረቤቷ ነበረች። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ የተቀበለች፣ ጣቶቿ በሒና የቀሉ፣ ድምፅዋ ወፍራም እስላም ሴትዮ ናት። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነው። ካሜራዋን አይታ "ይኼ ሳጥን ምን አለበት?" ብላ ጠየቀች። እህቴ ስትነግራት "በዚህ ነው እናት የምትታለለው?" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ዳር ወጣን። ፀሐይ ከባሕሩ በኩል ስለነበረች ባሕሩን ከጀርባዬ አድርጌ እህቴን ከአንድ ግንብ ጋር አቆምኳት። አሸዋው ነጭ፣ ቀሚሷ ነጭ፣ ሰማዩም ነጭ ነበር። በመስተዋቷ ውስጥ ከእህቴ የሚታየኝ ራሷና እጆቿ ብቻ ናቸው። ከወደቡ የሚመጡ ኩሊዎች ቆመው ያዩን ጀመር። አንዱ "እኔንም አንሺኝ እንጂ፣ ከሷ ምን አንሶኝ!" አለ። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ፊልሙን አዞርኩ፤ ደግሞ ተጫንኩ። ምን እንዳነሣሁ አላውቅም።

"ተያቸው እነሱን" አለች እህቴ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። "መጋረጃ ላይ የተሣሉ ናቸው በያቸው።"

ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ ወደ በረሃው ስትዞር እንደገና ወጣን። አሁን ፀሐይዋ ከጀርባዬ፣ ባሕሩ ከእህቴ ጀርባ ሆነ። አባባ እንዳሉኝ አደረግኩ። ቀጥ ብላ ቆመች፤ እግሯን ገጠመች፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። የለበሰችው ያንኑ ነጭ ቀሚሷን ነው፤ ከሱ የተሻለ አልነበራትም። ሆዷን ግን በነጠላ ሸፈንኩት።

"እማዬ ማየት የምትፈልገው ሆዴን አይደል?" አለች።

"ያረገዘች ሴት ፎቶ አትነሣም። ዓይን ይበላታል።"

"እና ምን እያደረግን ነው?"

"ፊትሽንና እግርሽን ነው የማነሣው። ሆድሽን አይደለም።"

ተገርማ አየችኝ፤ ግን ነጠላውን አጠበቀችልኝ። ደም ያየች ሴት ከማንም በላይ ዓይን ትፈራለች። ሁለት ጊዜ አነሣኋት። በስተኋላዋ አንድ ባለ ሸራ ጀልባ ሲያልፍ እንደ ትልቅ ዕድል ቆጠርኩት። ልክ እንደ አባባ መጋረጃ ሆነ ብዬ ልቤ ትንሽ ረጋ።

አሰብ ከቆየሁባቸው ቀናት ደስ ብሎኝ የማስታውሰው የመጨረሻውን ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ዳርቻው ስንወጣ ባሕሩ በቦታው አልነበረም። ጭቃና ድንጋይ አስጥቶ ሩቅ ሄዷል። ደንግጬ የእህቴን ክንድ ያዝኩ።

"ወዴት ሄደ?"

"ይመጣል" አለች አዋላጇ። "የት ሊደርስ?"

እሷ መንገዱን እየመራች ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ቁጥቋጦ ሄድን። እነዚያ ዛፎች ጨው ውኃ ውስጥ ነው የሚበቅሉት። ሥራቸው ከመሬት በታች መቅረት እንቢ ብሎ እንደ ብዙ ጣት ከጭቃው ቀጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቅጠላቸውን ስልሰው ጨው ነው። በመካከላቸው ረጃጅም እግር ያላቸው ነጫጭ ወፎች እንደ ዲያቆን በዝግታ ይራመዳሉ። ትናንሽ ዓሦች ከውኃ ወጥተው በደረታቸው ጭቃው ላይ ይዘላሉ፤ ያን ለአንኮበር ሰው ብናገር ማን ያምነኛል? ሸርጣኖቹ ደግሞ አንድ እጃቸው ብቻ ገዝፎ፣ እሱን እያነሡ ና ና የሚሉ ይመስላሉ። ጠጋ ስል ሁሉም ባንድ ጊዜ ጉድጓዳቸው ይገባሉ። ቆሜ ስጠብቅ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እንደ እኔ ያሉ ፍጥረቶች ናቸው ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ስለ ጠየቀችው ሳይሆን ስለ ራሴ ብዬ ያነሣሁት ፎቶ የዚያን ቀን ነው። ወፎቹን ለማንሣት ካሜራዋን ሳነሣ በረሩ። ሥሮቹን አነሣሁ። ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመ ሸርጣን አነሣሁ። እዚያ ማንም አያየኝም፤ ኩሊ የለም፣ እናት የለችም። ለጥቂት ጊዜ የመጣሁበትን ረሳሁት።

እህቴ ጫማዋን አውልቃ ቁርጭምጭሚቷን በሚሸፍን ውኃ ውስጥ ቆማለች። በድንገት ጮኸች። ዘወር ስል አንድ ሸርጣን የቀሚሷን ጫፍ በዚያ ትልቅ እጁ ይዞ አለቅም ብሏል። እህቴ ጎንበስ ብላ እያራገፈች ትስቃለች፤ ነጠላዋን ነፋሱ ገልጦ ወደ ኋላ ወስዶታል፤ ሆዷ እንደ ቅል ክብ ሆኖ ወጥቷል። አዋላጇ እንዳትወድቅ ክንዷን ያዘች። ልጅ ሳለን ጅረት ስንሻገር ከሳቀችው ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። ቁልፉን ተጫንኩ።

ከተጫንኩ በኋላ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። ሆዷን አንሥቻለሁ። ደግሞ የቀረኝ የመጨረሻው ፊልም ነበር፤ በሌላ አልተካውም።

ውኃው መመለስ ጀምሮ ስለነበር ፈጥነን ወጣን። ማታ እህቴን ጎኗን ወጋት። ተኛች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ካሜራዋን እያየሁ እግዚኦ እላለሁ። አዋላጇ ሆዷን በቀይ ጣቶቿ ስትዳብስ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። "ብዙ ሳቀች፤ የሳቀ ሆድ ይወጋል" አለችኝ። "ልጁ በቦታው ነው፣ አልሐምዱሊላህ።" ላምናት ፈለግኩ። በማግስቱ ጠዋት መኪናው ሲነሣ እህቴ በሩ ድረስ ወጥታ ቀጥ ብላ ቆመች። እንደ ፎቶ ነበር የቆመችው። ለእኔ ስትል እንደሆነ አወቅኩ።

ደብረ ብርሃን፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ አባባ ፊልሙን ሲያጥቡ አጠገባቸው ቆምኩ። የጠዋቶቹ ፎቶዎች ብርሃን በዝቶባቸው ተቃጥለዋል፤ ሥሮቹና ሸርጣኑም ደብዝዘዋል። ቀጥ ብላ የቆመችባቸው ሁለቱ ግን ጥርት ብለው ወጡ።

"አየሽ?" አሉ አባባ በኩራት። "እኔ ያነሣሁት ነው የሚመስለው።"

የመጨረሻው ፎቶ ጠማማ ነበር። ባሕሩ ወደ አንድ ጎን ሊፈስስ የደረሰ ይመስላል። ከታች በኩል የእኔ ጥላ ገብቶበታል። "ይቺ ተበላሽታለች" ብለው ወደ ጎን አደረጓት። እሳቸው ሳያዩ አነሣኋት። ላሳያት አልነበረም፤ ቅርጫት ውስጥ ተጥላ የማንም ዓይን እንዲያርፍባት ስላልወደድኩ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ያዝኳት።

ጎረቤላ ዘመድ ቤት አድሬ ገና ሲነጋ ወደ ቤታችን አቀናሁ። መንገድ ላይ የነፍስ አባታችንን አገኘኋቸው። ከእኛ በላይ ያለ ጎረቤት ታሞ ሊጠይቁ እየሄዱ ነው። ብቻዬን እናቴ ፊት ከመቆም እሳቸው አብረውኝ ቢኖሩ ይሻላል ብዬ "አባ፣ ለጥቂት ጊዜ እኛ ቤት ይግቡልኝ" አልኳቸው። "እሺ ልጄ" አሉ። ያን ጊዜ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አላሰብኩትም። በእኛ አገር ሰው ሩቅ አገር ከሞተ መርዶው የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ነጋሪዎቹም የነፍስ አባት ይዘው ነው የሚመጡት።

እናቴ ከደጃፍ ቆማ ሁለታችንን ከሩቅ አየችን። ስንደርስ እንኳን ደህና ገባሽ አላለችኝም። እጇን ብቻ ዘረጋች። ሁለቱን ፎቶዎች ሰጠኋት። ብርሃን ላይ አድርጋ አየቻቸው፤ ከዚያ ገብታ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ጎን አስጠጋቻቸው። ያው ነጭ ቀሚስ። ያው እጅ ወገብ ላይ። ያው ባሕር፣ ያው ጀልባ። ሆድ የለም።

"ይቺ እኮ የኔዋ ናት" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ደብረ ብርሃን የተነሣችው። ይኼም የዘመድሽ መጋረጃ ነው።"

ልናገር ስል ድምፄ እንደ ልማዱ ጠፋ።

"አባ፣ እርስዎን ማን ላከዎት?"

"ኧረ ማንም አልላከኝም። በሽተኛ ልጠይቅ ስሄድ ነው።"

"በሽተኛው ማነው?"

ነፍስ አባታችን አነጋገሯ አስደንግጧቸው "ተረጋጊ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉ። ከዚህ የባሰ ሊሉ የሚችሉት አልነበረም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"ልጄን የት ጣልሻት?"

ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። በሕይወት አለች፣ ትስቃለች፣ ባሕር ውስጥ ቆማለች ልላት ነበር። እናቴ ግን ዝምታዬን መልስ አድርጋ ወሰደችው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጥለቱን ፈልጋ እንደ ሐዘንተኛ ዘቀዘቀችው። ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማኛል። መሬት ላይ ልትቀመጥ ስትል ጡቴ ሥር ያለውን ጨርቅ ፈትቼ ጠማማውን ፎቶ እጇ ላይ አደረግኩት።

ረጅም ጊዜ አየችው። መጀመሪያ ጣቷ ሆዱ ላይ አረፈ። ከዚያ ነፋሱ ወደ ወሰደው ነጠላ ሄደ። ከዚያ ወደ ታች፣ ጭቃው ላይ ወደ ተጋደመው ጥቁር ጥላ። አንገቱን የደፋ፣ ክንዶቹን ወደ ሰውነቱ የሰበሰበ ጥላ ነው።

"ይቺ አንቺ ነሽ" አለች። "አንገት ስትደፊ ይኼው ነሽ።"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ቆማ ነበር ፊትሽ? እንዲህ ሆና?"

"አዎ" አልኩ። ድምፄ መጣ። "እየሳቀች። ሸርጣን ቀሚሷን ይዟት።"

"መጋረጃ ቀሚስ አያርስም" አለች፤ የራሰውን ጫፍ እያሳየች ለነፍስ አባታችን ነበር የነገረችው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ "አያርስም" አሉ፣ ግንባራቸውን በጥለታቸው እየጠረጉ።

እናቴ ነጠላዋን መልሳ አስተካከለች። ከዚያ ደግሞ የፎቶውን ዳር ወደ ዓይኗ አስጠጋች። የአዋላጇ አካል አልወጣም፤ የወጣው የእህቴን ክንድ የጨበጠ እጅ ብቻ ነው።

"ይኼ የማን እጅ ነው?"

"የአዋላጇ። ጎረቤቷ ናት። ... እስላም ናት፣ እማዬ።"

እናቴ እጁን አየችው። አያያዙን ነበር የምታየው፣ አራቱ ጣቶች ከላይ፣ አውራ ጣቱ ከብብት በታች። እሷም ብዙ ሴት አዋልዳለች።

"አያያዝ ታውቃለች" አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ "ደም ታይቷት ነበር አይደል? ለዚያ ነው መኪና ላይ የማትወጣው?"

መልስ አልጠበቀችም። "ይቺ ሴትዮ ትቀበላት። መኪናው ባዶውን ይመለስ። ሽማግሌም አልልክም።" ከዚያ ፎቶውን እንደ ያዘች ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እንደ ፈራሁት ለቅሶ አልነበረም።

ነፍስ አባታችን ፎቶውን ባርከው "ከዓይን ይሰውርልሽ" አሉ። እናቴ አሮጌውን ፎቶ አወረደችና በቦታው ጠማማውን ሰቀለችው፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ። እስክትወልድ ድረስ ማንም አያየውም አለች። የሚጎበኘን ሰው ሁሉ የተገለበጠ ፎቶ ለምን እንደ ሰቀልን ሲጠይቅ "እያረፈች ነው" ትላለች።

እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ወሬዋ እስኪመጣ ድረስ ስንቱን ፎቶ እንዳበላሸሁ አባባ ያውቃሉ። ከአሰብ በኩል የመጣ መኪና ሲቆም እየሮጥኩ እወጣለሁ፤ ሾፌሩ ፊት ስደርስ መጠየቅ አቅቶኝ ቆሜ እቀራለሁ። ቁልፉን የተጫነው ጣቴ ነው የሚታየኝ። እህቴን ጎኗን የወጋት ማታ ይታየኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ወረቀት ስቆርጥ አንድ ሾፌር ገባ። "ያቺ የማትናገረው ልጅ የታለች?" ብሎ ጠየቀ። አባባ ወደ መጋረጃው ጠቆሙት መሰለኝ፤ ሰውዬው ለሥዕሉ ጀልባ "ማርያም ማረቻት በያት ብሎኛል ባሏ፤ ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው" አለ። እዚያው ተቀመጥኩ።

በማግስቱ አንኮበር ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እናቴ የጠራቻቸው ጎረቤቶች ገንፎውን ከብበው፣ እልልታው ተጀምሮ ነበር። ፎቶው ግን አሁንም ፊቱን እንዳዞረ ነው፤ እናቴ እኔን ስትጠብቅ ኖሯል። ተነሥታ አዞረችው፤ የግድግዳውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያይ አንዲት ሴትዮ "ውኃው ሥዕል ነው?" አለች። እናቴ ግን ከፎቶው ግርጌ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ነገር፣ ቀሚሱ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለችውን፣ ጠጋ ብላ ታያለች።

"አንቺ" አለችኝ፣ ዘወር ሳትል። "ይኼ ያልሽው አውሬ፣ በኋላስ ለቀቃት?"

"ለቋታል፣ እማዬ።"

"እንግዲያ ደህና" አለችና ሄዳ ለእንግዶቹ ቅቤ ጨመረች።